ሱቃቸው ቤታቸውን ያልበላባቸው ኢማም

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ሲነሱ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው መዝሀባቸውን ነው። በወሎ ደረሶች ከሸኾቻቸው ፊት ተንበርክከው ለዘመናት ሲቀሩት ከኖሩት ፊቅህ አንዱ የእሳቸው መንገድ ነው፤ ከቱርክ እስከ ህንድና መካከለኛው እስያ ድረስም እጅግ ብዙ ሙስሊም ሰላቱንና ግብይቱን የሚያስተካክለው በዚሁ መዝሀብ ነው። ይሁንና እኚህ ታላቅ ኢማም ኩፋ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ጨርቅ የሚሸጡ፣ እናት የሚጦሩና ልጅ የሚያሳድጉ ሰው እንደነበሩ ስናወሳ እምብዛም አንሰማም።

ዛሬ ይህን የሕይወታቸውን ገጽታ ማንሳት የፈለግነው ያለምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ስንቱ ነጋዴ ነው ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቶ ከተኙ በኋላ የሚገባው? ስንቱስ ነው ቤት ከገባ በኋላም ከደንበኛና ከዕቃ አምጪ ጋር በስልክ እየተነጋገረ እራቱን የሚጨርሰው? ለማን እንደሚለፋ ቢጠየቅ ለልጆቹ መሆኑን ይናገራል። እውነቱን ነው፤ ቤተሰብን በሐላል ማስተዳደር በዲናችን ከዒባዳ የሚቆጠር ሥራ ነው። ነገር ግን ለልጆቹ የሚለፋው አባት ልጆቹን ሳያውቃቸው ካደጉ፣ ድካሙ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ፣ በእውነተኛ ስማቸው ኑዕማን ኢብኑ ሣቢት፣ በ80 ዓመተ ሂጅራ (በ699 እ.ኤ.አ.) ኩፋ ውስጥ ተወለዱ። ዘራቸው ከፋርስ ወገን ሲሆን አያታቸው ከካቡል እንደነበሩ ይነገራል። ያደጉት በነጋዴ ቤት ነው። እሳቸውም ኸዝ የሚባለውን፣ ሐርና ሱፍ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ውድ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። በወጣትነታቸው ውሏቸው ገበያ እንጂ የዑለሞች መጅሊስ አልነበረም። አንድ ቀን በታዋቂው ዓሊም በሻዕቢ ፊት ሲያልፉ ሸኹ ጠርተው ከማን ዘንድ እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ወደ ገበያ መሆኑን ሲሰሙ በልጁ ላይ ንቃትና ብልህነት አይተዋልና ወደ ዕውቀት ፊቱን እንዲያዞር መከሩት። ያ ምክር ልባቸው ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ወጣቱ ኑዕማን ዕውቀትን ሲይዙ ንግዱን አልጣሉም። በሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ሥር 18 ዓመት ያህል ሲቀሩ፣ ሸኻቸው በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱም በቦታቸው ተቀምጠው ማስተማር ሲጀምሩ፣ ሱቁ እንደተከፈተ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ኢማሙ ሥራውን ሁሉ በራሳቸው እጅ ካልያዝኩ ብለው ስላላሰቡ ነው። ሸሪክ ነበራቸው። ዕቃ ወደ ሌላ አገር ይልኩ፣ ከዚያም ያስመጡ ነበር፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ይተሳሰባል።

ከደረሶቻቸው አንዱ የሳምንት ውሏቸውን ሲዘግብ የተናገረው በተለይ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። ገበያ የሚቀመጡት ከረፋዱ እስከ ቀትር ገደማ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ገበያም አይወጡም፣ ለማስተማርም አይቀመጡም፤ ቀኑን የሚያውሉት በቤታቸውና በንብረታቸው ጉዳይ ላይ ነበር። ዓርብ ደረሶቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው ልዩ ልዩ ምግብ አሠርተው ያበሏቸው ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ የዘመኑ ትልቁ የፊቅህ መጅሊስ እንኳን የቤቱን ቀን እንዲወስድ አልተፈቀደለትም። ቤታቸው ከሱቅና ከመጅሊስ የተረፈውን ጊዜ የሚለቅም አልነበረም፤ የራሱ የተቆረጠ ድርሻ ነበረው።

እናታቸውን በተመለከተ የሚነገረውም እጅግ የሚያስገርም ነው። እናት የልጃቸውን ፈትዋ አልቀበልም፣ ዙርዓ የሚባለው ሰባኪ ካልነገረኝ አሉ። በዕውቀት ከሰባኪው እጅግ የሚበልጡት ኢማም ሳይከፋቸው እናታቸውን ይዘው ወደ ሰውዬው ሄዱ። መልሱን ለሰባኪው ነገሩት፤ እሱም ያንኑ መልሶ ለእናታቸው ነገራቸው፤ እናትም ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ሱቅ የሚጠብቃቸው፣ ደረሳ የሚጠብቃቸው ሰው ለእናታቸው ልብ ማረፍ ሲሉ ይህን ያህል ጊዜ ነበራቸው።

ለልጃቸው ለሐማድም እንዲሁ ነበሩ። ልጁ ሱረቱል ፋቲሓን በቃሉ በያዘ ጊዜ ላስተማረው ኡስታዝ 500 ዲርሃም እንደሰጡ ይወሳል። ኡስታዙ ለዚህች ትንሽ ሥራ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ቢደነቅ፣ ልጃቸውን ያስተማረውን ነገር ትንሽ አድርጎ እንዳያይ ነገሩት፤ ከዚያ የበለጠ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ይጨምሩለት እንደነበርም ገለጹለት። ከሱቁ የሚገኘው ገንዘብ መድረሻው የት እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ ንጹሕ እንዲሆን የነበራቸው ጥንቃቄ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሸሪካቸው ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን ጨርቅ ይዞ ለሽያጭ ሲሄድ ከመካከሉ አንዱ እንከን እንዳለበትና ሲሸጠው ለገዢው እንዲናገር አስጠንቅቀውት ነበር። ሐፍስ ረስቶ ሳይናገር ሸጠው፤ የገዛው ሰውም ማን እንደሆነ ሊያውቅ አልቻለም። ኢማሙ ይህን በሰሙ ጊዜ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። አንዲት ሴትም የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው ይዛ መጥታ 100 ዲርሃም ብትል ዋጋው ከዚያ በላይ መሆኑን ነገሯት። እየጨመረች 400 ደረሰች፤ አሁንም ከዚያ ይበልጣል አሏት። የቀለደባት መስሏት ነበር፤ ዋጋ የሚያውቅ ሰው አስጠርተው በ500 ገዟት። ልጆቻቸው የሚበሉት እንጀራ የሌላው ሰው ሐቅ እንዳይቀላቀልበት ይፈሩ ነበርና ነው።

ለቤተሰባቸው አንድ ነገር ሲገዙ ያንኑ ያህል ለዑለሞች ያወጡ ነበር። አቡ ዩሱፍ፣ በኋላ በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ የሆኑት፣ በልጅነታቸው ድኻ ነበሩ፤ ቤተሰባቸውም ትምህርቱን ትተው ሠርተው እንዲበሉ ይፈልግ ነበር። ከመጅሊሱ በቀሩ ጊዜ ኢማሙ ምክንያቱን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ 100 ዲርሃም ያለበት ከረጢት ሰጧቸው፤ ሲያልቅ እንዲነግሯቸውም አዘዙ። ዳሩ ግን አቡ ዩሱፍ ሳይናገሩ ሌላው ይደርሳቸው ነበር። የአንዲት ሱቅ ትርፍ የራስን ቤት አልፎ የሌላውንም ቤት ሲያቆም ማየት ማለት ይህ ነው።

ሱቁ ለኢማሙ የሰጣቸው ሌላም ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ነፃነት ነው። በበኒ ኡመያ መጨረሻ የዒራቅ ገዢ የነበረው ኢብኑ ሁበይራ ሹመት እንዲቀበሉ ጠየቃቸው፤ እምቢ አሉ። በየቀኑ እየተገረፉ ሳለ ከጅራፉ ይልቅ የከበዳቸው የእናታቸው ሐዘን እንደነበረ ይተረካል። ቀጥሎ የመጣው የዐባሲዩ ኸሊፋ መንሱርም ቃዲ ሁኑ ቢላቸው እምቢታቸው አልተለወጠም፤ በዚሁ ምክንያት ታሰሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ (በ767 እ.ኤ.አ.) በግዳድ ውስጥ አረፉ። ቤታቸው ከገዢዎች እጅ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ይህን እምቢታ ማለት ምን ያህል በከበደ! ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ የራስ ሥራ ለአንድ ቤተሰብ የምታስገኘው ክብር በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም።

አንዳንድ አንባቢ ግን ኢማሙ ሀብታም ነበሩ፣ ሸሪክ ነበራቸው፤ የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስጨንቀው የዛሬ ባለሱቅ እንዴት አድርጎ ቅዳሜን ይዘጋል ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅዳሜ ዋና የገበያ ቀኑ የሆነበት ነጋዴ ቅዳሜን ይዝጋ የሚል የለም። ከኢማሙ የምንወስደው የቀኑን ስም ሳይሆን የቤት ድርሻ አስቀድሞ ተቆርጦ መቀመጡን ነው። ዘካውን ከመብላቱ በፊት እንደሚለይ ሰው፣ ጊዜውንም ከመሸጡ በፊት የቤቱን መለየት ይቻላል። ለአንዱ ግማሽ ቀን፣ ለሌላው ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ያ ሰዓት ሲደርስ ስልኩ ይቀመጥ፤ የልጁ ደብተር ይታይ፤ ቁርኣኑ ይቀራ።

ይህን ስንል በንግድ ላይ ያሉ እህቶቻችንን መርሳት ከፍተኛ በደል ይሆናል። ብዙዎቹ በጉሊትም በቡቲክም ውለው ሲመለሱ ሁለተኛው ሥራ ቤት ውስጥ ይጠብቃቸዋል። ባል የሚስቱን የንግድ ገቢ ለቤት ሲፈልግ የቤቱን ሸክም ግን ለእሷ ብቻ ከተወ፣ ያ ሽርክና ሳይሆን ጭነት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ ይዘው ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ከሳቸው የበለጠ ሥራ የሚበዛበት ነጋዴ ከመካከላችን ማን ነው?

በመጨረሻም ኢማሙ ካለፉ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በቤታቸው የየቲሞችና በአገር የሌሉ ሰዎች አደራ የሆነ ብዙ ወርቅና ብር ተገኘ። ልጃቸው ሐማድ ይዞት ወደ ቃዲው ሄደ። ቃዲው፣ አንተ ታማኝ ነህና አንተው ዘንድ ይቆይ ቢለው፣ አባቱ ከአደራው ነፃ እንዲወጡ ተመዝኖ ተቆጥሮ እንዲረከቡት ለመነ። ቃዲው መዝኖ ሲጨርስ ሐማድ ዳግም ኃላፊ እንዳይደረግ ከአካባቢው ተሰወረ፤ ብቅ ያለው አደራው ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ነው። የጨርቅ ሱቅ ትርፍና ኪሳራ በዓመት መጨረሻ ይታወቃል። የቤት ሒሳብ ግን የሚታወቀው አባት በሌለበት፣ ልጅ የሰው ገንዘብ ፊት ብቻውን ሲቆም ነው። ሐማድ በዚያ ቀን ያሳየው ነገር በአንድ ቀን የተማረው አይደለም፤ ገበያው ባልወሰዳቸው ቅዳሜዎች ከአባቱ ያየው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አላህ ለኢማሙ ይዘንላቸው። እኛንም ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን ሰላም ያድርግልን፤ የምንለፋላቸውን ልጆች ሳናውቃቸው ከማርጀት ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።