15 ከመቶ ያመጣችው ልጅ እና ሰር ፍራንሲስ ጋልተን

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ታላቅ እህቴ ከጤና ጣቢያ እያለቀሰች ተመለሰች። አንድ ዓመት የሞላት ልጇን ክትባት አስከትባ ቁመቷንም አስለክታ ነበር። ልጅቷ 71.3 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ካርዱ ላይ ደግሞ 15ኛ ፐርሰንታይል የሚል ተጽፏል። ወረፋው ረጅም ስለነበር ትርጉሙን ያስረዳት የለም። እህቴ እንደ ማንኛችንም በፈተና ያደገች ናትና 15ን ከመቶ አድርጋ አነበበችው። በቃ፣ ልጇ ወደቀች ማለት ነው። ከዚያን ቀን ማታ ጀምሮ ልጅቷ ጠግባ ፊቷን ብታዞርም ገንፎው በግድ ይገባላት ጀመር።

መቼም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እያልኩ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ይህ ቁጥር የማን ፈጠራ ነው ብዬ ማንበብ ያዝኩ። ፐርሰንታይል የሚለውን ቃል ያመጣው ሰው የሕፃናት ሐኪም አልነበረም። እንዲያውም ልጅ የሚባል አልወለደም።

ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1822 በርሚንግሃም አጠገብ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። ከቻርለስ ዳርዊን ጋር የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ሕክምና ጀምሮ ተወው፤ ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ሲማር ደግሞ ከጥናት ብዛት ታመመና ያለ ማዕረግ ተመረቀ። (ሰውን ሁሉ በደረጃ ሲያሰልፍ የኖረው ሰው በራሱ ፈተና እንዲህ መሆኑ ይገርማል።) እ.ኤ.አ. በ1844 አባቱ ሲሞቱ የወረሰው ሀብት ለእንጀራ ከመሥራት ገላገለው። ዓባይን ተከትሎ እስከ ካርቱም መጣ፤ ከ1850 እስከ 1852 ደግሞ ዛሬ ናሚቢያ የምንላትን አገር ዞረ። እዚያ አንዲት ሴት ሳታውቅ በሩቅ ቆሞ በባሕረኞች መሣሪያ ሰውነቷን እንደለካ ራሱ በመጽሐፉ ጽፏል። የጋዜጣ የአየር ጠባይ ካርታም በእሱ ነው የተጀመረው፤ በ1875 በለንደኑ ታይምስ ወጣ። የጣት አሻራንም አጥንቷል። ብቻ ሰውየው ያልለካው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1884 ለንደን በተደረገ የጤና ኤግዚቢሽን ላይ ጋልተን የመለኪያ ክፍል ከፈተ። ሕዝቡ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሳንቲም፣ በእነሱ ፔንስ፣ እየከፈለ ገባ። ቁመት፣ ክብደት፣ የትንፋሽ ጉልበት፣ የእጅ ጥንካሬ፣ የዓይን እይታ ሁሉ ይለካል፤ ተለኪውም ውጤቱን በካርድ ይዞ ይወጣል። 9,337 ሰዎች ተለኩ። ታዲያ ይህን ሁሉ ቁጥር ለሰው እንዴት ያስረዳ? መላው ቀላል ነበር። ሰዎቹን ከአጭር እስከ ረጅም አሰልፍ፤ ሰልፉን መቶ ቦታ ክፈል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የት እንደቆመ ተናገር። ፐርሰንታይል ይኸው ነው። ሰልፍ እንጂ ማርክ አይደለም። የእህቴ ልጅ 15ኛ ናት ማለት እኩያዎቿ ከሆኑ መቶ ጤነኛ ሴት ልጆች 15ቱ ያህል ከእሷ ያጥራሉ፣ ሌሎቹ ይረዝማሉ ማለት ነው። ከመቶ ሰው መካከል ደግሞ አንዱ የግድ 15ኛ ይሆናል።

በ1886 ደግሞ የ205 ቤተሰቦችን ወላጆችና 928 ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። የሴቶቹን ቁመት በ1.08 እያባዛ ከወንዶቹ ጋር አስተካከለው። የአጫጭር ወላጆች ልጆች አጠር ይላሉ፤ ነገር ግን ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ መካከለኛው ይጠጋሉ፤ የረጃጅሞቹም እንዲሁ። እህቴ ረጅም አይደለችም፤ ባሏም ከእሷ ብዙ አይበልጥም። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጋልተን ግን እዚያ ላይ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ዘሮችን በችሎታ ደረጃ አሰልፎ ጥቁሮችን ከእንግሊዞች ሁለት እርከን ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። በ1883 ዩጀኒክስ የሚለውን ቃል ፈጠረ፤ የተመረጡት ይዋለዱ፣ ሌሎቹ ይቀንሱ የሚል አስተሳሰብ ነው። በ1909 ሰር ተባለ፣ በ1911 ሞተ። ሐሳቡ ግን አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ማምከኛ ሕግ ሆነ፤ ናዚዎችም እ.ኤ.አ. በ1933 የራሳቸውን አወጡ። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካርዱን ቀድጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያልቀደድኩት ካርዱ ላይ ያሉት መስመሮች የእሱ ስላልሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣቸው ናቸው። ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ 8,500 ያህል ጡት የጠቡና በደህና የተያዙ ልጆች ተለኩ። የቁመታቸው ልዩነት ከአገር አገር የመጣው 3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው በልጅና በልጅ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በጋልተን መሣሪያ የጋልተን ደረጃ ፈረሰ። በነዚሁ መስመሮች ሲለካ ደግሞ በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ጤነኛ ሰልፍ ውስጥ ቢሆን ከዚያ መስመር በታች የሚገኙት ከመቶ ሁለት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። ዜና ላይ መቀንጨር ብለን ስንጽፍ ይህችን ማነጻጸሪያ ብንጨምር ምን ይለናል?

እህቴን ወደ ጤና ጣቢያው መልሼ ወሰድኳት። በዚህኛው ቀን ያገኘናት ሲስተር ካርዱን ዘርግታ ያለፉትን ነጥቦች አያያዘች። ልጅቷ ከስድስት ወሯ ጀምሮ በዚያችው መስመር አጠገብ ስትሄድ ነው የኖረችው። የሚያሳስበው መስመር እየለቀቀች ብትወርድ ነው አለችን። ደግሞም ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ለዚያውም በሁለት ሰው፤ አንዱ ራሱን፣ አንዱ ጉልበትና እግሩን ይዞ። እግሯን ካጠፈች ሴንቲ ሜትሩ ይጠፋል።

ገንፎው በግድ መሆኑ ቀርቷል። ቀጣዩ ቀጠሮ የሴሚስተር እረፍት ላይ ይውላል፤ እግሯን የምይዘው እኔ ነኝ።