ጄሲ ኦውንስና ያልተፈጸመው ትምህርት

የጄሲ ኦውንስ ስም በተነሣ ቁጥር በሕሊናችን የሚደቀነው የ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ነው። ስለ አራቱ የወርቅ ሜዳሊያዎቹ ብዙ ስለ ተጻፈ በዚያ ላይ አልዘገይም። በዚህ ጽሑፍ ለማውሳት የፈለግሁት አንድ የድኻ ልጅ በእግሩ ፍጥነት የዩኒቨርሲቲን በር እንዴት እንዳስከፈተና በሩ ከተከፈተለት በኋላ የገጠመውን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦውንስ በሴፕቴምበር 12 ቀን 1913 በአላባማ ግዛት ኦክቪል በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በሰው መሬት ላይ ምርቱን እየተካፈለ የሚኖር ጭሰኛ ሲሆን፣ የአያቶቹ ትውልድ ደግሞ በባርነት የኖረ ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ወደ ክሊቭላንድ ተሰደደ። ስሙም የተለወጠው እዚያ ነው። ጀምስ ክሊቭላንድ የሚለው ስሙ በፊደላቱ ብቻ ጄ. ሲ. ተብሎ ይጠራ ስለ ነበር፣ በደቡብ ሰዎች አነጋገር ሲናገረው መምህርቱ ጄሲ ያለ መስሏቸው በመዝገብ ላይ እንዲሁ አሠፈሩት፤ እርሱም አላረመውም።

በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቻርልስ ራይሊ የተባለ ነጭ አሠልጣኝ ተሰጥኦውን አየ። ልጁ ከትምህርት በኋላ ለቤተሰቡ ገቢ ለማገዝ ይሠራ ስለ ነበር፣ ራይሊ ልምምዱን ከትምህርት በፊት በማለዳ አደረገለት። የዚህ ሰው ውለታ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እኔ ግን ከበርሊኑ ድል ባላነሰ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። ኦውንስ በክሊቭላንድ የኢስት ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በ1933 በቺካጎ በተደረገው የተማሪዎች ብሔራዊ ውድድር 100 ያርዱን በ9.4 ሴኮንድ ሮጠ። ይህም ከዓለም ክብረ ወሰን ጋር የሚስተካከል ነበር። ከዚህ በኋላ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ፈለጉት፤ እርሱም በኮሎምበስ የሚገኘውን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን መረጠ።

ዩኒቨርሲቲው ግን ነጻ የትምህርት ዕድል አልሰጠውም። የተገኘለት ሥራ ነበር፤ ይኸውም በግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ በሌሊት የዕቃ አሳንሰር መንዳት ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው አሳንሰር እንደ ዛሬው በአዝራር ብቻ የሚታዘዝ ሳይሆን ሠራተኛ ቆሞ የሚነዳው ነበር። እንግዲህ ቀን ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ፣ ሌሊት አሳንሰር ነው። ከነጭ ተማሪዎች ጋር በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እንዲኖር ስላልተፈቀደለት ከግቢው ውጭ ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይቶ ኖረ። ለውድድር በሚጓዝበትም ጊዜ የቡድን ጓደኞቹ በሚያርፉበት ሆቴልና በሚመገቡበት ምግብ ቤት ሁሉ አይስተናገድም ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ ስለማይችሉም አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረበት።

ሜይ 25 ቀን 1935 በሚሽጋን ግዛት በአን አርበር የሆነው ከዚህ ኑሮ በኋላ ነው። ከደረጃ ላይ ወድቆ ወገቡን ስለ ታመመ፣ አሠልጣኙ ላሪ ስናይደር መወዳደሩን ተጠራጥሮ ነበር። ኦውንስ ግን በመጀመሪያው ሩጫ እንዲሞክር ለመነ። በ9፡15 ሰዓት 100 ያርዱን በ9.4 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ተስተካከለ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለ፤ ርዝመቱም 8.13 ሜትር ሆነ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 7.98 ስለ ነበር፣ በአንድ ዝላይ 15 ሳንቲሜትር ጨመረበት ማለት ነው። ቀጥሎ 220 ያርዱን በ20.3፣ በ10 ሰዓትም የ220 ያርድ መሰናክሉን በ22.6 ሴኮንድ ፈጸመ። 220 ያርድ 201.17 ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰዓቶች ለ200 ሜትርም ክብረ ወሰን ሆነው ተመዘገቡ። ሁሉም የሆነው በ45 ደቂቃ ውስጥ፣ በከሰል ጥቀርሻ በተደለደለ መም ላይ ነው። የዝላዩ ክብረ ወሰን እስከ 1960 ድረስ ማለትም 25 ዓመት ቆየ።

ከበርሊን በኋላ ታሪኩ ፊቱን አዞረ። የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር አትሌቶቹን ከኦሊምፒኩ ማግስት በአውሮፓ ከተሞች እያዞረ ያወዳድራቸው ጀመር። የመግቢያው ገቢ ለአዘጋጆቹ ነበር፤ ለሯጮቹ ግን ሕጉ ሳንቲም እንኳ አይፈቅድም። ኦውንስ ደክሞትና በአገሩ የቀረበለትን የሥራ ተስፋ አስቦ ወደ ስዊድን አልሄድም ባለ ጊዜ ማኅበሩ አገደው። ለዩኒቨርሲቲው የሚሰለፍበት አንድ ዓመት ገና ቀርቶት ነበር፤ እርሱም በዚሁ ቀረ። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ተማሪ አትሌቶች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የፈቀደው በ2021 ነው።

የሥራ ተስፋዎቹም አብዛኞቹ ባዶ ሆኑ። በ1936 መጨረሻ በሃቫና ከፈረስ ጋር ተሽቀዳደመ። ይህን እንደ ቀልድ የሚያወሩት አሉ፤ በእኔ በኩል የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበርና። የከፈተው የልብስ እጥበት ንግድም በ1939 ከሰረ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን በ1940 ያደረገው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ሚስቱንና ሦስት ሴቶች ልጆቹን ይዞ፣ ዲግሪውን ለመጨረስ ወደ ኮሎምበስ ተመለሰ። በመላው ዓለም የታወቀ ሰው ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱት ተማሪዎች ጋር እንደገና ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነበትና በማግሥቱ ዓመት አቋርጦ ወጣ። ይህን በአእምሮ ማነስ የሚተረጉም ካለ ፍርዱ ሚዛን የጎደለው ነው። መሠረቱ መጣል በነበረበት ጊዜ ሌሊቱን በአሳንሰር ውስጥ ሲያሳልፍ የኖረ ተማሪ፣ ከአራት ዓመት መቋረጥ በኋላ የቤተሰብ ኃላፊነት ጨምሮ ቢመጣ ከዚህ የተለየ ውጤት መጠበቅ ያስቸግራል።

ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1972 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ኦውንስ በማርች 31 ቀን 1980 በአሪዞና ግዛት በቱሰን ከተማ በሳንባ ካንሰር ዐረፈ። የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።