አይዳ ሮዘንታል

አይዳ ሮዘንታል (1886 – 1973 እ.ኤ.አ.) በሩሲያ ግዛት ተወልዳ በአሜሪካ የኖረች ልብስ ሰፊና ነጋዴ ነበረች። «ሜይደንፎርም» የተባለውን የጡት ማስያዣ ኩባንያ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቷ

የትውልድ ስሟ አይዳ ካጋኖቪች ሲሆን በሚንስክ አቅራቢያ በምትገኘው በራኮቭ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1905 ወደ አሜሪካ ሄዳ በኒው ጀርሲ፣ ሆቦከን ከተማ ተቀመጠች፤ በ1906 ዊልያም ሮዘንታልን አገባች። ፋብሪካ መቀጠር ስላልፈለገች የሲንጀር ስፌት መኪና በዱቤ ገዝታ በቤቷ ቀሚስ ትሰፋ ጀመር። በ1918 ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አይዳ ኢኒድ ቢሴት ከምትባል ሴት ጋር በቀሚስ መሸጫ ሱቅ ሸሪክ ሆነች።

የጡት ማስያዣው አመጣጥ

የጊዜው ፋሽን የሴት ደረት እንደ ወንድ ልጅ ዝርግ ሆኖ እንዲታይ ይሻ ነበር። ስለዚህ ሴቶች ደረታቸውን ከኋላ በሚቆለፍ ቀጥ ያለ ጨርቅ ጥፍር አድርገው ያስሩ ነበር። ሱቁ የሚሸጠው ቀሚስ ውድ ቢሆንም በብዙ ደንበኞች ላይ አያምርም ነበር። ጥፋቱ ከቀሚሱ ስፌት ሳይሆን ከሥር ካለው ጨርቅ ነበር። የደረታቸው ዙሪያ በሜትር ሲለካ እኩል የሆነ ሁለት ሴቶች የጡታቸው መጠን ሊለያይ ይችላል፤ ዝርግ ጨርቅ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

ኢኒድ ጨርቁን ለሁለት ከፍላ መካከሉን ሰበሰበችው፤ ዊልያም ደግሞ ቅርጹን አሻሻለው። መጀመሪያ ከቀሚስ ጋር በነጻ ይሰጥ ነበር። ደንበኞች ለብቻው ሲጠይቁ በአንድ ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ ቀሚሱን ትተው በባዮን ከተማ ፋብሪካ አቋቋሙ። ዊልያም ንድፉን፣ አይዳ ሽያጩንና ገንዘቡን ያዙ።

ልክን በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ መለየትን ለአይዳ የሚሰጡ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ፊደሎቹን በ1932 ያስተዋወቀው ኤስ ኤች ካምፕ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ዛሬ በተለመደው አለካክ ቁጥሩ የሚወጣው ከጡት በታች ካለው ዙሪያ ነው፤ ፊደሉ የሚገኘው ደግሞ ይህ ዙሪያ በጡት ላይ ከሚለካው ሲቀነስ ነው። የሮዘንታሎች ድርሻ ከዚህ ይቀድማል፦ ሰውነትን በልብስ ልክ ማሰር ቀርቶ ልብሱ በሰውነት ልክ እንዲቆረጥ አደረጉ።

በኋላ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩባንያው ፓራሹት ሠርቷል። በፓራሹት የሚወርዱ ወታደሮች መልእክተኛ እርግቦችን ደረታቸው ላይ ይዘው እንዲዘሉም ለእርግቦቹ ሰደርያ ሰፍቷል። ዊልያም በ1958 ሲሞት አይዳ የኩባንያው መሪ ሆነች። በ1966 በስትሮክ እስክትታመም ድረስም ሥራዋን አልተወችም። በ1973 በኒው ዮርክ አረፈች፤ ኩባንያውን በዚያን ጊዜ የምትመራው ልጇ ቢያትሪስ ኮልማን ነበረች።