የበረዶ መኪና የሠራው ቦምባርዲዬ

በሰሜን አሜሪካ ካናዳ የምትባል ሰፊ አገር አለች። በዚያች አገር የብርድ ወራት በመጣ ጊዜ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። በረዶውም እንደ ባዘቶ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን እየተከመረ ሜዳውንና መንገዱን ይሸፍናል፤ የረገጠውም እግር ይሰጥማል። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን የገጠር ሰዎች በብርድ ወራት መኪናቸውን ዘግተው ያስቀምጡ ነበር። መንኰራኵር በሌለው፥ ፈረስ በሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪም ይሄዱ ነበር።

ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ በዚህች አገር፥ ኬቤክ በሚባለው ክፍል፥ ቫልኩር በምትባል መንደር በ1907 ዓ.ም. ተወለደ። ይህም ዓመት፥ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። አርማን ከስምንት ልጆች በኵሩ ነበረ።

ገና ልጅ ሳለ የተሰበረ ነገር ፈትቶ መመልከት ይወድ ነበር። አሮጌ ሰዓት ባገኘ ጊዜ ሞላውንና ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ መንኰራኵሮች አውጥቶ፥ በራሱ የሚሄድ መጫወቻ ይሠራባቸው ነበር። አባቱም ይህን አይቶ፥ 15 ዓመት በሆነው ጊዜ፥ የተበላሸ የፎርድ መኪና ሞተር ሰጠው። ሌላው ሰው አይረባም ብሎ የሚጥለውን ሞተር አርማን አድሶ አስነሣው።

ከዚህም በኋላ ሞተሩን በተንሸራታች ጋሪ ላይ አሰረው፤ በስተኋላውም እንደ አይሮፕላን የሚሽከረከር የእንጨት ክንፍ አደረገለት። በ1922 ዓ.ም. መጨረሻ ቀን ከወንድሙ ጋራ ሆኖ በመንደሩ መካከል ነዳው። ያየው ሁሉ ተደነቀ። አባቱ ግን የሚሽከረከረው ክንፍ ሰው እንዳይቈርጥ ፈርቶ፥ ያን ጋሪ እንዲያፈርሰው አዘዘው። አርማንም ታዘዘ። መኪና በመሄዱ ብቻ መልካም እንደማይባልና ሰውን የማይጎዳ መሆን እንደሚገባው ይህ ነገር ያስተምራል።

አርማን በጐረምሳነቱ በሌላ ሰው ጋራዥ እየሠራ መካኒክነትን ተማረ፤ ማታ ማታም ስለ ሞተርና ስለ ኤሌክትሪክ ያጠና ነበር። በ1926 ዓ.ም. 19 ዓመት ሲሆነው በመንደሩ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ለዚህም አባቱ ገንዘብ አበደረው፤ አርማንም ተግቶ ሠርቶ ብድሩን ከፈለ። ለሥራው የጐደለውን መሣሪያ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። በአጠገቡ የሚፈሰውን ወንዝም ገድቦ የውኃውን ኀይል ለጋራዡ አዋለው።

በብርድ ወራት የሚታደስ መኪና ጥቂት ስለ ነበር፥ አርማን በዚያ ጊዜ በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ይደክም ነበር። አንዱ ሙከራ ሲሰበር ሌላውን ይጀምራል፤ ሁለተኛውም ሲሰጥም የሰጠመበትን ምክንያት ይመረምራል። እንዲህ ሲያደርግ ብዙ ዓመት አለፈ።

በ1934 ዓ.ም. በብርድ ወራት በቤቱ ታላቅ ኀዘን ገባ። ሁለት ዓመት የሆነው ልጁ በትርፍ አንጀት በሽታ ታመመ። ሕፃኑን ሊያድን የሚችለው ሐኪም ቤት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሼርብሩክ በሚባል ከተማ ነበረ። መንገዱን ሁሉ በረዶ ዘግቶት ነበር፤ አባትየው ሲሞክረው የነበረው መኪናም ገና አልተዘጋጀም። ስለዚህ ልጁ ሞተ።

አርማን እጅግ አዘነ፤ ሥራውን ግን አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1935 ዓ.ም.፥ ሲፈልገው የነበረውን ነገር አገኘ። ይኸውም በጎማ የተሠራ ሰፊ መቀነት ነው፤ በመቀነቱም ላይ የብረት ዘንጎች አግድም ተደርድረዋል። ጎማ የለበሰ ጥርሳም መንኰራኵር በተሽከረከረ ጊዜ ጥርሶቹ መቀነቱን እየያዙ ያዞሩታል፤ መኪናውም ወደ ፊት ይሄዳል። በፊት እግሩ ስፍራ ሁለት ተንሸራታች ጣውላዎች አሉት፤ ነጂው በነርሱ ወዲያና ወዲህ ይመራዋል። ጭቃ ላይ ሰፊ ጣውላ አንጥፎ የሚቆም ሰው አይሰጥምም፤ ክብደቱ በጣውላው ሁሉ ላይ ይከፈላልና። መኪናውም በሰፊው መቀነት ላይ ስለሚያርፍ በበረዶ አይሰጥምም።

በ1937 ዓ.ም. ሥራው የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከመንግሥት ተሰጠው። በመጀመሪያ ሰባት ሰው የሚይዝ፥ በኋላም አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ መኪና ሠራ። ሐኪሙ ወደ በሽተኛው፥ ፖስተኛው ወደ ሩቅ መንደር፥ ተማሪዎችም ወደ ትምህርት ቤታቸው በዚህ መኪና ሄዱ። የአርማን ልጅ ያላገኘውን ርዳታ የሌሎች ሰዎች ልጆች አገኙ።

በ1948 ዓ.ም. የኬቤክ መንግሥት በገጠር መንገድ ያለው በረዶ እንዲጠረግ አዘዘ። ከዚያ ወዲያ ትልቁን የበረዶ መኪና የሚገዛ ሰው አነሰ። አርማን ግን ስለዚህ ተስፋ አልቈረጠም፤ በረግረግና በዱር የሚሄድ መኪና ሠራ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ስኪ ዱ የሚባለውን፥ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚቀመጥበትን ትንሽ የበረዶ መኪና አወጣ። በ1964 ዓ.ም. በ56 ዓመቱ በነቀርሳ በሽታ ዐረፈ። የመጀመሪያው ጋራዡ በቫልኩር ተጠብቆ ለጐብኝዎች ይታያል።

ከእነዚያ ከጥንቶቹ ትንንሽ መኪናዎች ዛሬም በበረዶ ላይ የሚሄዱ አሉ። ያቆያቸው የባለቤቶቻቸው ትጋት ነው። ትጉህ ሰው የብርድ ወራት ሲያልፍ መኪናውን በቤቱ አጠገብ አጥቦ ያደርቃል። ቤንዚኑ ቆይቶ እንዳይበላሽና ካርቡራቶሩን እንዳይደፍን ቀድቶ ያወጣዋል። ብረቱ እንዳይዝግ ግራሶ ይቀባል። መቀነቱ ክብደት እንዳይሸከም የመኪናውን ኋላ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፤ አይጥም ገብታ ሽቦውን እንዳትቈርጥ ይከድነዋል።

ብርዱ ሊመጣ ሲል ደግሞ ካርቡራቶሩን ያጠራል፤ ካንዴላውን አውጥቶ ይጠርጋል፤ የላላውን ብሎን ያጠብቃል። መቀነቱንም ይመረምራል፤ እጅግ ከላላ ከጥርሱ ይሾልካል፥ እጅግ ከጠበቀም ቶሎ ያልቃል። ሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋራ ተቀላቅሎ የሚሰጠው እንደ ሆነ፥ ልኩን ጠብቆ ያቀላቅላል፤ ዘይት ያነሰው ሞተር ተቃጥሎ ይደርቃልና። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ጣት ይቈርጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ ታናሽ ይመስላል። ነገር ግን ቦምባርዲዬን ታላቅ ሠሪ ያደረገው ይህ ታናሽ ሥራ ነው። አሮጌውን ሰዓት ፈትቶ ባይመለከት፥ የተጣለውንም ሞተር ባያድስ፥ አዲሱን መኪና ለመሥራት ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ የተሰበረ ነገር ባገኛችሁ ጊዜ ለመጣል አትቸኵሉ። አስቀድማችሁ ስለ ምን እንደ ተሰበረ መርምሩ። ለማደስ የሚታገሥ ሰው ዕውቀት ያገኛል፤ ዕውቀቱንም ለባልንጀራው ጥቅም ያዋለው ሰው ስሙ አይረሳም።