ደንብ ያስከበሩ ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ሴቶች ልጆቻችን ኳስ መጫወት ጀምረዋል። ኳስ ለሴት ልጅ ምን ይፈይዳል የሚል ነገር ቡና ላይ ሲነሣ፣ እኛ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት እናነሣለን።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩው ባለቅኔና ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ፤ የብሔራዊ ቡድኑንም ማሊያ ለበሱ። በ1954 ዓ.ም. በአሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ አስገኙ። አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ሁለት ጊዜ ብትመራም፣ ቡድናቸው በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን የስብሰባ ላይ ሥራቸው ነው። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። አባል አገሮቹ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ቀረች፤ የመጀመሪያው ዋንጫም በ3 አገሮች ብቻ ተካሄደ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ አፓርታይድንም አጥብቀው ታገሉ።

የእኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር ባይመዛዘንም፣ መዋጮ ላዘገየች ዘመዳችን ቅጣቱን ዝም ብለን ስናልፍ የምናጎድለው ያንኑ እኩልነት ነው። እነሱ ጥቂት ሳሉ ቁጥርን ትተው ደንብን መረጡ፤ ዛሬ ማኅበራቸው ከ50 በላይ አገሮችን አቅፏል። እኛም ደንባችንን ለሁላችን እኩል እናድርግ።