ያላየውን ከተማ የነደፈው ሊቅ

ተማሪዎች! በሚዛን ተፈሪ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያጤነው የመሬቱን ቁልቁለትና የዝናቡን ብዛት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ይህን የዘነጋ አንድ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ነበር።

ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1887 በስዊዘርላንድ ተወለደ፤ በኋላም የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ። ቤትን በአርማታ ምሰሶዎች ላይ በማቆም ግድግዳን ከሸክም ነፃ አወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ መስኮቶችንና ጠፍጣፋ ጣሪያን አስፋፋ። በዚህም በዓለም ታወቀ።

በ1936 ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ስትይዝ ግን፣ በዓይኑ ያላየውን ከተማ እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥሮ ፕላን ነደፈ፤ ለወራሪውም አቀረበ። ንድፉ ተቀባይነት አላገኘም። እርሱም በ1965 በሜዲትራኒያን ባሕር ሲዋኝ ሞተ።

እናንተም የአንድን ሊቅ ሥራ ስትመዝኑ፣ ምን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ሠራም ጠይቁ።