ከባርነት እስከ ጥቁር ሰሌዳ፦ የመምህርት አስቴር ጋኖ ሕይወት

ስለ ባርነት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው አዋጁንና ዓመቱን ብቻ ነው። ነጻነት ግን በአንድ ቀን አልመጣም። የአስቴር ጋኖ ሕይወት ይህን በደንብ ያሳየናል። (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ገና ልጅ ሳለች በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት በባሕር ሲወስዷት የኢጣልያ መርከብ ደርሶ አስጣላት። ኢጣልያ ምጽዋን ከያዘች ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ፤ ልጅቷን ከባርነት ያወጣት ኃይል ራሱ አገር ሊቀማ የመጣ ቅኝ ገዢ ነው። አስቴርም ነጻ ወጣች እንጂ ወደ እናቷ ቤት አልተመለሰችም።

በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም በልጅነቱ የተሸጠ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። የቋንቋ ችሎታዋን አይቶ ሥራ ሰጣት። እሷም የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ የምታውቀውን ተረትና ዘፈን ጻፈች። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ታተመ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ ድካም አለበት፤ በተርጓሚነት የተጠራው ግን ኦኔሲሞስ ነው።

በ1904 ወደ ወለጋ ሄዳ በነቀምቴ አስተማሪ ሆነች። በአገራችን ግን ባርነት ገና አልቀረም ነበር። የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ነጻነትን የሚሰጠው ቀስ በቀስ ነበር፤ ጌታው ከሞተ በኋላ እንኳ 7 ዓመት መጠበቅ ነበረ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። አስቴር ያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። በ1964 አረፈች።

አዋጅ ሰውን ከጌታው ያላቅቃል፤ ስድቡን ግን አያጠፋም። ተማሪ ሳለሁ አንዱን ጓደኛችንን በመልኩ ጥቁረት ባሪያ እያልን እንጠራው ነበር። መምህራችን ሰማና ዝም ብሎ አለፈ። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አውጥቶ ሲመልስ አላየሁትም። እኔም ከጠሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እጩ መምህራን! ነገ በየገጠሩ ስንመደብ፣ በአዊኛም ሆነ በአማርኛ ስናስተምር፣ ያ ስድብ ከክፍላችን ሲሰማ ዝም ብለን አንለፍ። ለአስቴር የመርከቡ መያዝ መጀመሪያ ነበር፤ የቀረውን መንገድ የሄደችው በፊደል ነው። ለተማሪዎቻችንም ይህንኑ መንገድ መክፈት የኛ ፈንታ ነው።